ከወሬው የቀደመው ዶሮ

የዶሮው ታፋ ከሥር ነው የሚደረደረው፣ ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ሳይወጣ፣ አጥንቱ ከወጣ እስከ ማታ ተልፈስፍሶ ገንፎ ይሆንብሻል ብላኝ ነበር ጓደኛዬ ማርሊስ ያኔ ስታስተምረኝ፣ እኔም ይኸው እደረድራለሁ፣ እጄ ሥራውን ስለለመደው እንቅልፍ ማጣቴን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም፣ ጋደም እላለሁ፣ አልጋው በአንድ ጎኑ ብቻ ይሞቃል፣ ተነስቼ ፍሪጁን እከፍታለሁ፣ የሰው ሳህን ሞልቶታል፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። አሁን ነግቷል። የጎረቤቱ በቆሎ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፣ ላይል ቢኖር ዘንድሮም ቀደመን ይል ነበር፣ ባሌ ላይል ግን የለም፣ የት እንዳለ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ያልተነገረኝ እኔ ሚስቱ ብቻ ነኝ። ድስቱም የማርሊስ ነው፣ ሰክተሽው የምትሄጂ፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት፣ ቂጡ ላይ ስሟ በፕላስተር ተለጥፏል፣ እዚህ ድስት ከቤት ቤት ስለሚዞር ሴት ሁሉ ስሟን ትለጥፋለች። ሰኞ ሞልታ ያመጣችውን ዛሬ ሞልቼ ልመልስላት ነው፣ ባዶ ድስት አይመለስም፣ ይህንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ መጥተሽ ውሰጂ፣ አብረን እንበላለን ብዬ ደውዬላታለሁ። እምቢ ማለት አልቻለችም፣ ድስቷ እኔ ጋ ነው።

ሰኞ ከሥራ እመለሳለሁ፣ የምሠራው ከከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ መኪናዬን አቁሜ ወደ በረንዳው ስወጣ ምግብ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ይህ የኤሌክትሪክ ድስት ገና ትኩስ ሆኖ፣ ክዳኑ እንዳይንሸራተት በላስቲክ ታስሮ፣ ውስጡ ያው የማርሊስ ጣፋጭና ጎምዛዛ ዶሮ፣ አጠገቡ በፎይል የተሸፈነ ፓስታ በቺዝ፣ ከዚያ አንድ ትሪ ኬክ። ሰው ግን የለም። በዚህ አገር ምግብ ዝም ብሎ በረንዳ ላይ አይገኝም፣ ሰው ሲወልድ ይመጣል፣ ሰው ቀዶ ጥገና ሲያደርግ ይመጣል፣ ሰው ሲሞት ይመጣል። እኔ አልወለድኩም፣ የእኔ መውለድ ቀርቷል፣ ሐኪም ቤትም አልተኛሁም። ስለዚህ የሞተ ሰው አለ። እማ ናት አልኩ። ደረጃው ላይ ዶሮውን አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከአገሬ ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ የሚመጣ መርዶ ከእኔ ቀድሞ እዚህ አዮዋ እንዴት ይገባል ብዬ አልጠየቅኩም፣ ለላይል ደውለውለት ይሆናል፣ እሱ ለፓስተሩ ነግሮ ፓስተሩ ለሴቶቹ፣ ላይል እኮ ክፉ ወሬ ከአፉ የማይወጣለት ሰው ነው፣ ውሻችን የሞተ ጊዜ እንኳ ቀብሮት ሲያበቃ ጠፍቷል ብሎኝ እኔ ስሙን እየጠራሁ በየማሳው ስዞር አብሮኝ ሲጣራ ነበር።

እህቴ ኔኔት ጋ ደወልኩ። ፊሊፒንስ ገና ጎህ አልቀደደም።

"እትዬ፣ ማን ሞተ?" አለችኝ ሃሎ እንኳ ሳልል።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ምን አውቄ፣ በዚህ ሰዓት የደወልሽው አንቺ!"

"እማ የት ናት?"

"ይችው አጠገቤ። ቤቱን በማንኮራፋት እያፈረሰችው ነው፣ እንቺ ስሚ።"

ስልኩን አስጠጋችላት። የእናቴ ማንኮራፋት ባህር ተሻግሮ ጆሮዬ ገባ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

"እትዬ፣ ጠጥተሻል እንዴ?"

"አልጠጣሁም። ቁጥር ተሳስቼ ነው።"

"ቁጥር ተሳስተሽ እማ የት ናት ትያለሽ? በይ ንገሪኝ።"

"ተኚ በቃ። በኋላ እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን በሰማሁበት ቅጽበት፣ ደስታው እንኳ ሳይደላደል፣ እሷ ካልሆነች ታዲያ ይህ ሁሉ ምግብ ለምንድን ነው አልኩ፣ ሞት ቢሆን ይሻለኝ ነበር አልኩ፣ ሞት ቢሆን ይገባኝ ነበር፣ ጥቁር ለብሼ አልቅሼ ትኬት ቆርጬ እሄድ ነበር። እናቴ እያንኮራፋች ይህን አሰብኩ። ለኔኔት አልነግራትም።

ከዚያ ላይል ነው አልኩ፣ የእህል መኪና ነው የሚነዳው፣ በአጨዳ ወራት እንቅልፍ ሳይጠግቡ ነው መንገድ የሚወጡት፣ ስልኩ ላይ ብደውል አያነሳም፣ ብደግም አያነሳም፣ ወደ እህል መጋዘኑ ቢሮ ደወልኩ፣ ቢሮ ያለችው ልጅ፣ ኧረ ደህና ነው ሊንዳ፣ አሁን ምሳውን በልቶ ወጣ አለችኝ፣ ስሜ ኤርሊንዳ ነው፣ እዚህ ግን ሊንዳ ብለው አሳጥረውልኛል፣ ከዚያ፣ በጣም ግን አዝናለሁ አለች። ደህና ከሆነ ምን ያሳዝናታል። ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ሸሚዞቹ የሉም፣ የጺም መላጫው የለም፣ የክት ጫማው የለም፣ ለገና የገዛሁለት ሹራብ ብቻ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ሳይነሳለት ተሰቅሏል። ጠዋት እኮ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ፍቆልኝ፣ መንገዱ ያዳልጣል ቀስ ብለሽ ንጂ ብሎኛል። እኔ መታጠፊያውን እስክዞር ጠብቆ ነው ሻንጣውን ያወጣው። ወይስ ቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር፣ አልጋው ሥር፣ እኔ በላዩ ተኝቼ። ይህን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው መተኛት ያቃተኝ።

ማርሊስ ጋ ደወልኩ፣ ሌላ ማን አለኝ።

"ዶሮው ደረሰሽ?" አለችኝ።

"ደርሶኛል።"

"ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ተዪው፣ ከፍ ካደረግሽው ይደርቅብሻል።"

"ማርሊስ፣ ላይል..."

"ነገ ቬልማ ሾርባ ታመጣልሻለች። ለሐሙስም ሰው አለ። የምግብ ነገር አታስቢ፣ እሺ?"

የምግብ ነገር አላሰብኩም። ስልኩን ዘግቼ ዶሮውን በላሁ፣ እርቦኝ ነበር፣ ማፈሬም አልቀረም፣ ባሌ ስለሄደ የመጣልኝን ዶሮ እስከ አጥንቱ ግጬ በላሁት።

አሁን ቡናማ ስኳሩ። አንድ ጭብጥ ሙሉ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ የኮክ ማርማላታ፣ ከዚያ ካቻፕ፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ አቼቶ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ አለችኝ ማርሊስ፣ ሰው እንዳይደነግጥ። ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው የበረዶ ወራት ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሁሉም የየቤቱን ይዞ የሚቀርብበት ማዕድ ነበረ፣ እኔም እናቴ የምትሠራውን ዶሮ ሠርቼ ሄድኩ፣ በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት ጥቁር እስኪል የተቀቀለውን፣ ሰዉ እየመጣ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ እያሸተተ፣ ለየት ይላል፣ ለየት ይላል እያለ ያልፋል። ሙገሳ መስሎኝ እስከ መጨረሻው ፈገግ ብዬ ቆምኩ። በዚህ አገር ለየት ይላል ማለት አልበላውም ማለት መሆኑን የነገረችኝ ማርሊስ ናት፣ በማግስቱ ድስቷንና ማርማላታዋን ይዛ መጥታ፣ ነይ አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ሆነሽ ማንም አይበላልሽም፣ ብላ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አሰረች። ያን ቀን ወደድኳት። ለአንድ ዓመት ያህል ሰው ሁሉ ፈገግ ሲልልኝ ኖሮ አንዲት ሴት እውነቱን ነገረችኝ ብዬ ነው የወደድኳት፣ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የእኔም ዶሮ ከቤት ቤት ዞሯል። ባል ለሞተባት፣ ልጅ ለወለደች፣ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ላደረገች፣ ሁሉ ጋ አድርሻለሁ፣ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ደወሉን ነክቼ ወደ መኪናዬ፣ ሰው በኀዘኑ ጊዜ ፊቱን እንዳላይበት፣ ጨዋነት ነው ብለውኝ፣ እኔም ጨዋ ሆንኩ ብዬ። ረቡዕ ረቡዕ ከማርሊስ ጋር ምድር ቤቱ ውስጥ የአልጋ ልብስ እንሰፋለን፣ እሷ ከዚያ ማዶ እኔ ከዚህ ማዶ፣ የጨነገፉብኝን ልጆች ለእሷ ነው የነገርኳት፣ ላይል እንኳ ስማቸውን የማያውቃቸውን፣ እኔ በልቤ ያወጣሁላቸውን ስም። ዘሩ በተዘራበት ሰሞን፣ ማርሊስ፣ ላይል ዝም ብሎኛል፣ አጠገቤ ሆኖ የለም አልኳት። ክሩን በመርፌው ዓይን እያስገባች ነበር። ወንዶች በዘር ጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ይደክማቸዋል አለችኝ። መርፌዋን እያየች ነው ያለችኝ፣ እኔን አላየችኝም፣ ያኔ ክሩ እምቢ ብሏት መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን መርፌ አየዋለሁ። ያኔ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር፣ ይህን ነው ዛሬ የምጠይቃት።

ትናንት ቬልማ ሾርባዋን ይዛ መጣች፣ እንደ ሌሎቹ አስቀምጣ አልሄደችም፣ ገብታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ደስ አለኝ፣ ልትነግረኝ ነው አልኩ። ስለ ውርጩ ነገረችኝ። ስለ መንገዱ ጥገና ነገረችኝ። የሾርባው ካሮት ከጓሮዋ መሆኑን ነገረችኝ። እኔም አንገቴን አስግጌ እጠብቃለሁ፣ በመጨረሻ ሁለት ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ፣ እንግዲህ፣ አለች፣ እንግዲህ ካሉ መሄዳቸው ነው፣ በሩ ላይ እንደ ልማዳቸው እንደገና ቆመች፣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፣ አሁን አልኩ፣ "ሾርባው ላይ ጨው አሳንሻለሁ" አለችኝ። ከሄደች በኋላ ሳህኖቹን ሁሉ ከፍሪጁ አውጥቼ አንድ በአንድ አንስቼ ከሥር የተለጠፈውን ስም አየሁ። ማርሊስ አለች፣ ቬልማ አለች፣ የፓስተሩ ሚስት አለች፣ የማላውቃት አዲሷ የባንክ ሠራተኛ እንኳ አለች። ሼሪል የለችም። ሼሪል በሰው ኀዘን ጊዜ የሎሚ ኬኳን ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ፣ እህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ የምትሠራ፣ ላይል መኪናውን በቀን ስንቴ የሚያስመዝንባት ሼሪል። ማን እንደወሰደው ያወቅኩት ከቀረው ሳህን ነው። አገሬ ቢሆን ይህ ወሬ ሦስት ቤት በሚያሰማ ጩኸት ነበር የሚደርሰኝ፣ አክስቴ ከገበያ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ ያ እርጉም ባልሽ ብላ ትጀምር ነበር፣ እኔም አፍሬ በተሸሸግኩ። እዚህ ማንም አላሳፈረኝም። እንዲያሳፍሩኝ ናፈቅኩ።

አቼቶውን በማንኪያ ለካሁ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጬ ከጠርሙሱ ቀዳሁበት፣ ደፋሁበት ልበል፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ሙሉ ራሱን ጨምሬ። ክዳኑን ገጥሜ ሰካሁት።

ስልኩ ይጠራል፣ ኔኔት ናት፣ እዚያ ደግሞ አሁን መሽቷል።

"የዚያን ዕለቱን ነገር ሳትነግሪኝ እንቅልፍ የለም" አለችኝ።

"ዶሮ እየሠራሁ ነው።"

"ዶሮውን ማን ጠየቀሽ። ላይል ደህና ነው?"

"ደህና ነው። አጨዳ ላይ ነው።"

ደህና ነው ብላኛለች የቢሮዋ ልጅ፣ ስለዚህ አልዋሸሁም። እማ ስልኩን ነጠቀቻት፣ "ልጄ፣ በላሽ?" አለችኝ፣ ሌላ ጥያቄ የላትም፣ ሁልጊዜ ይህችው ናት። በላሁ እማ። "ከማን ጋር በላሽ?" ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። ከማን ጋር በላሽ፣ ምን ሸቷት ነው። "እንግዳ ይመጣልኛል" አልኳት። እሰይ አለች። ስዘጋው ፊቴ ተቃጠለ፣ እኔም ይኸው እንደ እነሱ ሆኛለሁ፣ ለገዛ እናቴ ስለ ዶሮ ነው የማወራው።

ቀኑን ሙሉ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ መጀመሪያ ስኳሩ ነበር የሚሸተው፣ ከምሳ በኋላ አቼቶው አሸነፈው፣ ሁለት ሳህን አቀረብኩ፣ ሦስተኛውን ልማድ ሆኖብኝ አውጥቼ መለስኩት። ካልነገረችኝ ምን አደርጋለሁ፣ አስቤበታለሁ፣ እሷም ጉልበቷን መታ አድርጋ እንግዲህ ካለችኝ ድስቷን አስይዣት በሩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ረቡዕ የለም፣ ምድር ቤት የለም፣ በዚህ አገር አንድም ሰው የለኝም ማለት ነው። ባሌ ሄዷል፣ እሱን መመለስ አልችልም፣ ምናልባትም አልፈልገውም። የቀረኝ እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ እስካሁን አንዲት ቃል አልሰጠችኝም።

ማርሊስ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጣች፣ የክት ሹራቧን ለብሳለች፣ እጇ ላይ ሌላ ትሪ፣ ባዶ እጅ መምጣት አያውቁም። "እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው" አለች ወደ ድስቱ እያየች። ተቀመጥን፣ አጭር ጸሎቷን ጸለየች፣ አወጣሁላት። አንድ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዓይኗ እንባ ሞላው፣ ከአቼቶው ይሁን ከሌላ አላወቅኩም።

"ለየት ይላል" አለች።

"አዎ። ማርሊስ፣ ላይል የት ነው?"

ሹካዋን አየች። "ዛሬ ማታ ደግሞ ውርጭ ሊሆን ነው ይላሉ..."

"ውርጩን ቬልማ ነግራኛለች። ላይል የት ነው?"

"ሊንዳ፣ ይህን እሱ ራሱ ነው መናገር ያለበት።"

"አልተናገረማ። እናንተ በቀን ተሳስታችሁ ነው ምግቡን ቀድማችሁ ያመጣችሁት፣ አይደል? እሱ እሑድ ሊነግረኝ ነበር፣ ሳይነግረኝ ቀረ፣ እናንተ አላወቃችሁም።" ሁለት ሌሊት ያሰብኩት ይህንን ነበር፣ ስህተት ነው ብዬ፣ እንዲያውም አዝኜላቸው ነበር።

ማርሊስ ናፕኪኑን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"አልተሳሳትንም" አለች።

"ምን ማለት ነው?"

"ላይል ነው የለመነን። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቆኝ፣ እኔ መናገር አይሆንልኝም ማርሊስ፣ ሰኞ ምግብ አድርሱላት አለኝ። ሊንዳ እዚህ ስንት ዘመኗ ነው፣ የእኛን ደንብ ታውቃለች፣ ምግቡን ስታይ ይገባታል አለኝ።"

ይገባታል። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ፣ ደንባቸውን ተምሬ፣ ድስቴ ላይ ስሜን ለጥፌ፣ ዶሮዬን አጣፍጬ፣ እሱ ደግሞ ያንን ሁሉ መማሬን ለዚህ አዋለው፣ አፉን ላለመክፈት። ማርሊስም እሺ አለችው። ወጥ ቤቷ ገብታ ታፋውን ደርድራ፣ ስኳሩን ለክታ፣ እኔ ሥራ እስክገባ ጠብቃ።

"የገባኝ እናቴ እንደሞተች ነው" አልኳት።

"ምን?"

"ምግቡን ሳይ እናቴ ሞተች ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አገሬ ደውዬ ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኩ። እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ። ይህ ነው የገባኝ።"

እጇ አፏ ላይ ሄደ፣ እንባዋ ወረደ። ማርሊስን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ ባሏን ስትቀብር እንኳ ሳንድዊች ስታዞር ነበር።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"በፋሲካ።"

"በዘር ጊዜ ስነግርሽ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ወዲያው ተነሳች፣ ሳህኗን አንስታ የእኔንም ልትወስድ እጇን ዘረጋች፣ ውሃው ይከፈታል፣ ሳሙናው ይቀርባል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች፣ ከዚያ እንግዲህ ትላለች፣ አውቀዋለሁ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ።

"ተቀመጪ" አልኳት።

"ላጥብልሽና..."

"ተቀመጪ ማርሊስ። የላይልን ትቼዋለሁ። እስካሁን ማንም ሰው በአፉ አልነገረኝም፣ የነገረኝ ዶሮ ነው። አንቺ ንገሪኝ።"

"ታውቂዋለሽ እኮ ሊንዳ፣ ምን ያደርግልሻል?"

"ከሰው ልስማው።"

ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ የምትይዘው ነገር አጥታ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሳህኑን ገፋ አደረግኩባት እንዳታነሳው። ለዚህች ሴት ይህን ከመናገር መላውን ከተማ ማብላት ይቀላታል፣ አየሁት፣ ልቤ ግን አልራራላትም፣ ጠበቅኋት።

"ላይል ትቶሻል" አለች። "ሼሪል ቤት ነው የሚኖረው። አይመለስም።" ትንፋሿን ሳበች። "እኔም እያወቅኩ ደበቅኩሽ። በየሳምንቱ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ አገሬ ሰው። ማርሊስ ወዲያና ወዲህ አየች፣ ፎጣ ፈለገች፣ ውሃ ልታመጣልኝ ብድግ አለች፣ ክንዷን ያዝኳት፣ መልሳ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትይዝ፣ ፊቴን እያየች።